የሕዝብን ድምፅ በፓርቲ ቃል ኪዳን መሻር ይቻላልን? ስለ አሰብና ስለ 1985ቱ ሕዝበ ውሳኔ ለነጋዴዎች የቀረበ ማብራሪያ

በደራ ወረዳ፥ በአንበሳሜ ከተማ፥ በአንድ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ከሚታየው ምስማር፥ የእጅ ባትሪ፥ የጣራ ቆርቆሮና የመለዋወጫ ዕቃ ብዙው እዚያ ከመድረሱ በፊት ባሕር ተሻግሮ፥ በወደብ ተራግፎ፥ የአፋርን በረሓ አቋርጦ የመጣ ነው። በወልድያ በኩል የመጣ እንደ ሆነ የጋይንትን ደጋ ወጥቶ በደብረ ታቦር አድርጎ ወደ ወረታ ይወርዳል፤ በአዲስ አበባ በኩል የመጣ እንደ ሆነ ደግሞ ባሕር ዳርን አልፎ በሐሙሲት በኩል ይገባል። ከወረታ እስከ ወልድያ የተዘረጋው መንገድ በ1960ዎቹ መጨረሻ ተጀምሮ በ1970ዎቹ በቻይና መንግሥት እርዳታ የተሠራ ሲሆን፥ ለጎንደርና ለጎጃም ነጋዴ ወደ አሰብ የሚወስደውን ጉዞ ያሳጠረለት ነበር። መንገዱ ዛሬም አለ፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ወደብ ግን ተለውጧል።

ስለዚህ የወደብ ነገር ለፎገራና ለደራ ነጋዴ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። የሩዝ መፈልፈያው ሞተር፥ ለገበሬው የሚታደለው ማዳበሪያ፥ ከፎገራ ሩዝ ጋር በገበያ የሚፎካከረው የውጭ አገር ሩዝ ሳይቀር ዋጋው የሚጀምረው ከመርከብ ማራገፊያው ነው። በዚህ ምክንያት የምርጫ ወራት በቀረበ ቁጥር የባሕር በር ጥያቄ በገበያም በፓርቲ መድረክም ይነሣል። በግንቦት 1997 ዓ.ም. ከተደረገው ምርጫ በፊት በነበረው ክርክር የአሰብ ጉዳይ በብርቱ የተነሣ መሆኑ ይታወሳል። አንዳንዱ «ወደብ በስምምነት እናገኛለን» ሲል፥ አንዳንዱ ደግሞ «የ1985ቱን ሕዝበ ውሳኔ አንቀበለውም፤ እንሽረዋለን» እስከ ማለት ይደርሳል።

ሁለቱ ንግግሮች በጆሮ ሲሰሙ ተቀራራቢ ይመስላሉ። በሥራ ሲመዘኑ ግን እጅግ የተራራቁ ናቸው። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ማብራሪያም ልዩነታቸውን ለማሳየት የቀረበ ነው። የነገሩ ፍሬ ባጭሩ ቢነገር እንዲህ ነው፦ በሕዝብ ድምፅ የተወሰነውን ነገር ሊሽረው የሚችለው ያው ድምፁን የሰጠው ሕዝብ ነው፤ ፓርቲ «እንደገና ይጠየቅ» ብሎ ቃል ሊገባ ይችላል፤ «እኔ እሽረዋለሁ» ብሎ ቃል ሲገባ ግን የሌላውን ንብረት እንደሚሸጥ ደላላ ይሆናል።

ሕዝበ ውሳኔው እንዴት ተደረገ

የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ በኅዳር 1943 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ መሠረት ኤርትራ በመስከረም 1945 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ተዋሐደች። ይህ ፌዴሬሽን 10 ዓመት ቆይቶ በኅዳር 1955 ዓ.ም. ፈረሰ፤ ያን ጊዜም የኤርትራ ሕዝብ በቀጥታ ድምፅ እንዲሰጥበት አልተደረገም። ጥቂት ቀደም ብሎ በነሐሴ 1953 ዓ.ም. የተለኮሰው ጦርነት ከዚያ ወዲህ እየሰፋ ሄዶ 30 ዓመት ፈጀ። ሕዝብን ሳይጠይቁ አንድን ውል ማፍረስ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

ግንቦት 16 ቀን 1983 ዓ.ም. ሻዕቢያ አስመራን ያዘ። በአዲስ አበባ የተቋቋመው የሽግግር መንግሥት የኤርትራ ጉዳይ በሕዝበ ውሳኔ እንዲያልቅ ተስማማ። ድምፁ የተሰጠው ከሚያዝያ 15 እስከ 17 ቀን 1985 ዓ.ም. ነበር። ለመራጩ የቀረበለት ጥያቄ ኤርትራ ነፃና ሉዓላዊት አገር እንድትሆን ትስማማለህን የሚል ሲሆን፥ ከ1,100,000 የሚበልጥ ሰው «አዎን» ሲል «አይሆንም» ያለው 1,822 ብቻ ነበር። ድምፅ ከሰጡት ከመቶው 99.8 የሚሆነው ነፃነትን መረጠ ማለት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ታዛቢ ቡድን ምርጫው ነፃና ትክክለኛ መሆኑን መሰከረ። ኢትዮጵያም ዕውቅና ሰጠች፤ በግንቦት 1985 ዓ.ም. ኤርትራ የተባበሩት መንግሥታት አባል ሆነች።

የተቃዋሚዎቹ ክርክር

ውሳኔውን የሚቃወሙት ሰዎች የሚያቀርቡት ክርክር በችላ ባይነት የሚታለፍ አይደለም። አንደኛ፥ የተቀረው የኢትዮጵያ ሕዝብ በጉዳዩ ድምፅ አልሰጠም ይላሉ። ሁለተኛ፥ ጥያቄው «አዎን» ወይም «አይሆንም» ብቻ ስለ ነበረ ፌዴሬሽንን ወይም ሌላ መካከለኛ መንገድን ለሚመርጥ ሰው በር አልተከፈተለትም ይላሉ። ሦስተኛ፥ ዕውቅናውን የሰጠው የሽግግር መንግሥት በምርጫ የቆመ አልነበረም ይላሉ። አራተኛ፥ አሰብ ከ1980 ዓ.ም. ጀምሮ ከኤርትራ ተለይቶ ራሱን የቻለ የአስተዳደር ክልል ተደርጎ ስለ ነበረ ለብቻው ሊታይ ይገባው ነበር ይላሉ። የሕግ ሊቁ ዶክተር ያዕቆብ ኃይለማርያም «አሰብ የማን ናት?» በተባለው መጽሐፋቸው የኢትዮጵያን የባሕር በር መብት በሕግ መንገድ ተከራክረውለታል። በጊዜው ታኅሣሥ 26 ቀን 1985 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተቃውሞአቸውን በሰልፍ ገልጸው ነበር፤ ሰልፉም በጥይት ተበትኖ የሰው ሕይወት ጠፍቶበታል።

እነዚህ ቅሬታዎች እውነትነት አላቸው ቢባል እንኳ የሚያስከትሉት መደምደሚያ መመዛዘን አለበት። «እኛ አልተጠየቅንም» የሚል ሰው መልሶ ሌላውን ሳይጠይቅ ሊወስን አይገባውም፤ የገዛ ክርክሩ ይፈርድበታልና። በ1985 ዓ.ም. ድምፅ የሰጠው ሕዝብ ዛሬ በኢትዮጵያ ምርጫ አይመርጥም። ስለዚህ አንድ የኢትዮጵያ ፓርቲ የምክር ቤቱን ወንበር ሁሉ ቢያሸንፍ እንኳ ያገኘው ድምፅ የኢትዮጵያ መራጮች ድምፅ እንጂ የዚያን ውሳኔ ባለቤቶች ድምፅ አይሆንም።

ከዚህም ሌላ የአገሪቱ የገዛ ሕግና ውል በመካከል ቆሟል። በነሐሴ 1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 2 የአገሪቱ ወሰን በዓለም አቀፍ ስምምነቶች መሠረት የሚወሰን መሆኑን ይደነግጋል። በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ የተፈረመው ስምምነት ደግሞ ሁለቱ መንግሥታት ጠባቸውን እንዲያቆሙና ድንበራቸው እ.ኤ.አ. በ1900፥ በ1902 እና በ1908 በተፈረሙት ውሎች መሠረት እንዲካለል፥ የድንበር ኮሚሽኑም ውሳኔ የመጨረሻና አስገዳጅ እንዲሆን ያደርጋል። ከሦስቱ ውሎች የ1908ቱ በአሰብ በኩል ያለውን ወሰን የሚመለከት ሲሆን፥ መስመሩን ከባሕሩ ዳርቻ 60 ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ ገባ አድርጎ ይወስደዋል። ሕዝበ ውሳኔውን እሽራለሁ የሚል ፓርቲ አንድ ወረቀት ብቻ ሳይሆን ይህን ሁሉ የወረቀት ክምር ማንሣት ይኖርበታል።

ነጋዴው አስቀድሞ የከፈለው ዋጋ

ለነጋዴው ትልቁ ትምህርት ከ1990 ዓ.ም. የመጣ ነው። ከነፃነቱ በኋላ አሰብ ለኢትዮጵያ ዕቃ ክፍት ሆኖ ሲሠራ ቆይቶ ነበር። የገቢውም ዕቃ አብዛኛው በዚያ በኩል ይመጣ ነበር። በኅዳር 1990 ዓ.ም. ኤርትራ ናቅፋ የተባለውን የራሷን ገንዘብ ባወጣች ጊዜ፥ ከአነስተኛው የድንበር ገበያ በላይ የሆነው ንግድ በውጭ ምንዛሪና በሌተር ኦፍ ክሬዲት እንዲሆን ኢትዮጵያ ወሰነች። በዚህም የሁለቱ አገሮች ንግድ ተቀዛቀዘ። ስድስት ወር ሳይሞላ በግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነት ተነሣ፤ የኢትዮጵያም ጭነት ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ያን ጊዜ በአሰብና በምጽዋ ወደብ ላይ ገንዘቡ ተከፍሎ፥ ሰነዱ ተሟልቶ፥ መርከቡ ተራግፎ ሳለ ባለቤቱ ሊያወጣው ያልቻለው የኢትዮጵያውያን ዕቃ ብዙ ነበር።

ኢትዮጵያ በዚህ ዕቃ ምክንያት በኤርትራና ኢትዮጵያ የካሣ ኮሚሽን ዘንድ ክስ አቀረበች። ኮሚሽኑ በታኅሣሥ 1998 ዓ.ም. በሰጠው ፍርድ ክሱን ሳይቀበለው ቀረ። ዕቃው በወደብ የቀረበት አስመጪ የጠበቀውን ካሣ ከዚያ በኩል አላገኘም ማለት ነው። በሌላው ወገንም እንዲሁ፥ በሕዝበ ውሳኔው የተመዘገቡ በኢትዮጵያ የሚኖሩ ብዙ ሰዎች በጦርነቱ ጊዜ እንደ ኤርትራ ዜጋ ተቆጥረው ከአገር ሲወጡ ሱቃቸውንና ድርጅታቸውን ጥለው ሄዱ። ያው ኮሚሽን በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ እነዚህ ሰዎች የሁለቱም አገር ዜግነት እንደ ነበራቸው ገልጾ፥ ንብረታቸውን በሚመለከት ከተፈጸመው ነገር ለከፊሉ ኢትዮጵያን ተጠያቂ አድርጓታል። በ1985 ዓ.ም. አንድ ሰው በሣጥን ውስጥ የጨመረው ወረቀት ከአምስት ዓመት በኋላ የንግድ ፈቃዱንና የሱቁን ቁልፍ ወሰነበት።

ከዚህ የሚገኘው ምክር ግልጽ ነው። የድንበርና የወደብ ነገር በድንገት ሲነዋወጥ መጀመሪያ የሚቆመው የጭነት መኪና ነው። ቀጥሎ የመድን ዋጋና የማጓጓዣ ኪራይ ይጨምራል። በመጨረሻ በአንበሳሜ ሱቅ የቆርቆሮው ዋጋ ይነሣል። ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በቀይ ባሕር መርከቦች በተጠቁ ጊዜ የመርከብ መድንና ኪራይ እንዴት እንደ ናረ አስመጪዎች በሒሳባቸው አይተውታል። ያም የሆነው በሩቅ ሰው ጠብ ነው፤ የራስ ጠብ ቢጨመርበት ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

የእንግሊዝ አገር ምሳሌ

ሕዝበ ውሳኔን ስለ መሻር የገባ የፓርቲ ቃል ኪዳን በሥራ የተፈተነበት አገር አለ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1975 በአውሮፓ የጋራ ገበያ ውስጥ እንድትቆይ ከመቶ 67 በሚሆን ድምፅ ወሰነች። ከ40 ዓመት በኋላ ወግ አጥባቂው ፓርቲ በ2015 ምርጫ «ሕዝቡን እንደገና እንጠይቃለን» ብሎ ቃል ገባ፤ አሸነፈና ጠየቀ። ሰኔ 23 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. ሕዝቡ ከመቶ 52 በሚጠጋ ድምፅ ከኅብረቱ መውጣትን መረጠ። በማግሥቱ የእንግሊዝ ፓውንድ ከዶላር ጋር ሲመዛዘን ከ30 ዓመት ወዲህ ወዳልታየ ዝቅተኛ ዋጋ ወረደ። ውሳኔው ደግም ይሁን ክፉ፥ የቀደመውን የሕዝብ ድምፅ የሻረው ሌላ የሕዝብ ድምፅ ነበር።

ቀጥሎ የሊበራል ዴሞክራቶች ፓርቲ በመስከረም ወር 2019 እ.ኤ.አ. ባደረገው ጉባኤ «ብቻችንን መንግሥት ለማቆም ብንበቃ ሌላ ሕዝበ ውሳኔ ሳያስፈልግ መውጣቱን እንሰርዘዋለን» አለ። ክርክራቸው ጠቅላላ ምርጫ ማሸነፍ ራሱ የሕዝብ ፈቃድ ነው የሚል ነበር። ይህ ክርክር ውኃ የሚያነሣ ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለት ጉድለት አለበት። በጠቅላላ ምርጫ ሰው ስለ ግብር፥ ስለ ሐኪም ቤት፥ ስለ ትምህርት ቤት ሁሉ ባንድ ወረቀት ስለሚመርጥ ስለ አንዱ ጉዳይ ብቻ ምን እንዳለ መለየት አይቻልም። ደግሞም በእንግሊዝ የአመራረጥ ሥርዓት ፓርቲ ከግማሽ በታች በሆነ ድምፅ መንግሥት ሊያቆም ይችላል፤ ከግማሽ በታች የሆነው ከግማሽ በላይ የሆነውን ሲሽር ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር በተደረገው ምርጫ ፓርቲው የድምፅ ድርሻው ቢጨምርም ያገኘው ወንበር 11 ብቻ ሆነ፤ መሪው ጆ ስዊንሰንም በ149 ድምፅ ተበልጠው ወንበራቸውን አጡ። እንግሊዝም በጥር ወር 2020 እ.ኤ.አ. ከኅብረቱ ወጣች።

እዚህ ላይ ለኢትዮጵያ ሰው አንድ ልዩነት መታየት አለበት። በእንግሊዝ ወሳኙም ሻሪውም አንድ ሕዝብ ነበር፤ ስለዚህ ቃል ኪዳኑ ብልኅነት ይጐድለዋል ቢባል እንጂ ሕገ ወጥ አይባልም። በኤርትራ ነገር ግን ወሳኙ ሌላ፥ ሻሪው ሌላ ነው። በእንግሊዝ ያስቸገረው ነገር በዚህ ፈጽሞ መሠረት ያጣል።

በአገር ውስጥ ስለ ተደረጉ ውሳኔዎች

በኢትዮጵያ ውስጥም ሕዝበ ውሳኔ ተደርጓል። በጥር 1979 ዓ.ም. በደርግ ጊዜ የቀረበው ሕገ መንግሥት ከመቶ 81 ድምፅ አግኝቶ ጸደቀ ተባለ፤ ከአራት ዓመት በኋላ በ1983 ዓ.ም. ከመንግሥቱ ጋር አብሮ ወደቀ። ሕዝቡ በነፃ ያልመከረበት ድምፅ ቁጥሩ ቢበዛም ዕድሜው እንደሚያጥር ይህ ያሳያል። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ የሲዳማ ሕዝብ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 47 መሠረት ድምፅ ሰጥቶ ከመቶ 98.5 በሚሆን ድምፅ ራሱን የቻለ ክልል ለመሆን ወሰነ፤ በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም. ክልሉ ሥራውን ጀመረ።

የክልሎችን አወቃቀር መለወጥ የሚሻ ፓርቲ ሐሳቡን ከማቅረብ የሚከለክለው የለም። መንገዱ ግን በአንቀጽ 105 የተጻፈው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ መንገድ ነው፤ በዚያም የክልሎች ምክር ቤቶች ድርሻ አላቸው። በሐዋሳ የቡና ነጋዴ የንግድ ፈቃዱንና የግብር ሰነዱን ከየትኛው ቢሮ እንደሚያወጣ በየምርጫው የሚለዋወጥበት ከሆነ ዓመቱን አስቦ ሥራ ሊሠራ አይችልም።

ነጋዴው ከፓርቲ ምን ዐይነት ቃል ይጠይቅ

የባሕር በር ፍላጎት ትክክለኛ ፍላጎት ነው። ከመቶ ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ያላት አገር ከገቢና ወጪ ንግዷ ከዘጠኝ አሥረኛው በላይ የሚሆነውን በአንድ ወደብ ማድረጓ አስጊ መሆኑ የታወቀ ነው። «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል» የሚለው የአባቶች ምክር ለወደብም ይሠራል። ጥያቄው ሁለተኛው ባላ እንዴት ይተከል የሚል ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ዕጩ ወይም የፓርቲ ተወካይ ስለ ወደብ ቃል ሲገባ ነጋዴ የሚከተሉትን አራት ጥያቄዎች ቢያቀርብለት መልካም ነው።

1ኛ፤ የሚለወጠው ነገር በማን ድምፅ የተወሰነ ነው? ለውጡስ ለነዚያው ሰዎች ይቀርብላቸዋልን?

2ኛ፤ የሚሄድበት መንገድ በየትኛው ሕግ ወይም ውል የተፈቀደ ነው? በድርድር ነው፥ በፍርድ ነው፥ ወይስ በኃይል? «በኃይል» የሚለው መልስ በግልጽ ባይነገርም «እናስመልሳለን» ከሚለው ቃል በስተኋላ ተሸሽጎ እንዳይሆን መመርመር ያሻል።

3ኛ፤ ነገሩ እስኪያልቅ ድረስ በመንገድ ላይ ያለው ዕቃ፥ የተከፈተው ሌተር ኦፍ ክሬዲት፥ የተፈረመው የኪራይ ውል ምን ይሆናል? የ1990 ዓ.ም. አስመጪ ይህን ጥያቄ የጠየቀለት አልነበረም።

4ኛ፤ ወጪውን የሚከፍለው ማን ነው? የሚገኘው የወደብ ቅናሽ ከሚወጣው የመድንና የማጓጓዣ ጭማሪ ይበልጣልን?

በስምምነት ስለሚሄደው መንገድ ምሳሌ አለ። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ በፈረመች ጊዜ ሶማሊያ ሉዓላዊነቴ ተነካ ብላ በብርቱ ተቃወመች፤ ነገሩም ዓመት ሙሉ ሲያወዛግብ ቆየ። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት በአንካራ ባወጡት መግለጫ ግን ኢትዮጵያ በሶማሊያ ሉዓላዊነት ሥር አስተማማኝ የባሕር መተላለፊያ እንድታገኝ የንግድ ስምምነት ለመመካከር ቃል ተገባቡ። በአሰብም ነገር በሐምሌ 2010 ዓ.ም. አስመራ ላይ የተፈረመው የሰላም መግለጫ በር ከፍቶ ነበር፤ የተከፈተው ድንበር ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሶ ቢዘጋም፥ በስምምነት መከፈት የሚቻል መሆኑ ታይቷል። እነዚህ ጅምሮች ገና ፍሬ አላፈሩ ይሆናል፤ ነገር ግን የማንንም ሕዝብ ድምፅ ሳይሽሩ የሚሄዱ ናቸው። ከዚህ አልፎ፥ የሁለቱ አገር ሕዝቦች አንድ ቀን እንደገና ልንቀራረብ ይገባናል ቢሉ፥ በኮንፌዴሬሽንም ሆነ በጋራ ገበያ፥ ጥያቄው በሁለቱም ወገን ለድምፅ ቀርቦ ሊወሰን ይችላል። ይህን የሚል ፓርቲ ክብር ያለው ቃል ገብቷል ማለት ይቻላል።

የንግድ ሥራ በቃል የቆመ ነው። በአንበሳሜ ገበያ ነጋዴ በዱቤ ዕቃ ሲሰጥ የሚያምነው የሰውየውን ቃል ነው፤ ያ ሰው ግን ቃል የሚገባው በራሱ ጤፍና በራሱ ከብት ነው እንጂ በጎረቤቱ አይደለም። «የጎረቤቴን በሬ ሸጬ እከፍልሃለሁ» የሚለውን ተበዳሪ፥ ንግግሩ የቱን ያህል ቢያምር፥ ዕቃውን አስይዞ የሚሰደው ባለ ሱቅ የለም። በሌላ ሕዝብ ድምፅ ላይ ቃል የሚገባውም ፓርቲ በዚሁ ሚዛን ሊመዘን ይገባዋል። ከወረታ ወደ ወልድያ የሚወጣው የጭነት መኪና ወደ የትኛውም ወደብ ቢያቀና፥ ደርሶ የሚመለሰው በመንገዱ ላይ ሰላም ሲኖር ነውና።